መሪም «በሕግ አምላክ» ሲባል ይቁም

ባለፉት ሁለት ሳምንታት አንድ ጽሑፍ አራት ጊዜ በቴሌግራም ደረሰኝ። መጀመሪያ የላከችልኝ አዲስ አበባ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት። «አንብበው፤ ሰውየው እውነታቸውን ነው» የሚል ማስታወሻ ጨምራበታለች። ከዚያ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ላከው። ከዚያ እዚህ ቨርጂኒያ ያለው የዕድራችን ግሩፕ ላይ ሁለት ጊዜ ተለጠፈ። ከሥሩ የተደረደረውን ጭብጨባ ቆጥሬ አልጨረስኩትም።

ጽሑፉን ሁለቴ አነበብኩት። ጸሐፊው ስማቸውን አልገለጹም። አጻጻፋቸው ግን ያምራል። አገራቸውን እንደሚወዱም ያስታውቃል። በድህነታችን አንጀታቸው ያረረ ሰው ናቸው። እኔም ያርረኛል። የምጽፈውን እንደ ወንድም ምላሽ ቢቀበሉልኝ ደስ ይለኛል።

የሚሉትን ሳላጣምም ባጭሩ ላስቀምጠው። ሕዝብ የመረጠውን መሪ ማንም ያልመረጣቸው ዳኞች ሊያስቆሙት አይገባም ይላሉ። ቀውስ ሲመጣ ደግሞ ሥልጣን በአንድ እጅ ይሁን፤ ፓርላማና ፍርድ ቤት ሥራ ያጓትታሉ፤ ካስፈለገ ምርጫውም ይቆይ ይላሉ። ሲንጋፖር፣ ቻይናና ደቡብ ኮሪያ ከድህነት የወጡት በጠንካራ መሪ እንጂ በምርጫ ካርድ አይደለም ይላሉ። የአንድ ተራ ሰው ድምፅ ምንም ስለማይለውጥ ምርጫ ውድ ድግስ ነው ይላሉ። በመጨረሻም የሕግ የበላይነት ከፈረንጅ የመጣ ሐሳብ ነው፤ እኛ ዘንድ ሥር የለውም፤ አፍሪካ ውስጥ ዳኛ መሪን ያስቆማል ማለት ሕልም ነው ብለው ይደመድማሉ።

ከመጨረሻው ልጀምር። ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ እሱ ነው።

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ጎረምሶች ተጣሉ። አንደኛው ዱላ አነሳ። ሌላው መሬት ላይ ወድቋል። ሰው ተሰብስቦ ያያል፤ ማንም መሀል አልገባም። ያኔ ጉሊት ቲማቲም የሚሸጡ አንዲት እናት ከተቀመጡበት ሳይነሱ «በሕግ አምላክ!» ብለው ጮኹ። ዱላው አየር ላይ ቆመ። ልጁ እጁን አወረደ። ሴትየዋ ፖሊስ አልነበሩም፣ መሣሪያ አልያዙም፣ ከልጁ ጋር ዝምድና የላቸውም። የያዙት ያንን ቃል ብቻ ነው። ዛሬም ያ ዱላ አየር ላይ ቆሞ ይታየኛል።

ያ ቃል ከማንም ፈረንጅ አልመጣም። አያቶቻችን ከሳሽንና ተከሳሽን ነጠላ ለነጠላ ቋጥረው፣ ቁራኛ አድርገው ወደ ዳኛ ይልኩ ነበር። መንገደኛ ሰው ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይዳኝ ነበር። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ያለ ሕዝብ የሕግ የበላይነትን ከማንም አልተዋሰም። አባባሉን ቀስ ብላችሁ ስሙት። በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት፤ ጭብጦ ደግሞ የአንድ ጉርሻ ነገር። ሰውየው ያዘነው ለጭብጦዋ ነው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር አምንላቸዋለሁ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያልነውም እኛው ነን። ሕግ ለጎረቤት ይሠራ ነበር፤ ዙፋኑ ሥር ሲደርስ ግን ይቆም ነበር። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ ሰውነት የተቀደሰ፣ ሥልጣናቸውም የማይከራከሩት ነው ይል ነበር። እና ሁለቱንም ወርሰናል። አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት ግን አንቀጽ 9 ላይ ምርጫውን አድርጓል፦ የማንኛውም ባለሥልጣን ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ከተቃረነ ተፈጻሚ አይሆንም። ያ የጉሊቷ እናት ቃል ነው፤ በወረቀት ላይ የሰፈረ። በተግባር ምን ያህል ተከበረ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው፤ እመለስበታለሁ።

አፍሪካ ውስጥ ዳኛ መሪን አያስቆምም ለሚለው ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ሴኔጋልን እንይ። ፕሬዚዳንት ማኪ ሳል ሥልጣን የሚለቁበት ምርጫ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2024 ሊካሄድ ተቆርጦ ነበር። የምረጡኝ ቅስቀሳው ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት ፌብሩዋሪ 3 በቴሌቪዥን ቀርበው ምርጫውን አስቆሙት። በሁለተኛው ቀን ፓርላማው ምርጫውን ወደ ዲሴምበር ገፋው። የተቃወሙት እንደራሴዎች በጸጥታ ኃይሎች ከአዳራሹ እንዲወጡ ከተደረገ በኋላ ነው ድምፅ የተሰጠው። መንገዱ በተቃውሞ ተሞላ፤ ሰው ሞተ። ጸሐፊያችን «ዳኛ ምን ያመጣል?» ሊሉ የሚችሉት እዚህ ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱን የሚዳኘው የሕገ መንግሥት ምክር ቤት ግን ፌብሩዋሪ 15 የፓርላማውንም ሕግ የፕሬዚዳንቱንም ድንጋጌ ሻረ። ፕሬዚዳንቱም ውሳኔውን ተቀበሉ። ምርጫው ማርች 24 ተካሄደ። ባሲሩ ጆማይ ፋይ ከድምፁ ከግማሽ በላይ አግኝተው በመጀመሪያው ዙር አሸነፉ። ሰውየው ከእስር ቤት የወጡት ምርጫው አሥር ቀን ሲቀረው ነበር። ከእስር ቤት ወደ ቤተ መንግሥት፤ ያለ መፈንቅለ መንግሥት።

ማላዊ ደግሞ አለች። እ.ኤ.አ. በሜይ 2019 ምርጫ ተደርጎ ፕሬዚዳንት ፒተር ሙታሪካ አሸነፉ ተባለ። የውጤት ቅጾቹ ላይ ግን ቁጥሮች በነጭ ማጥፊያ ቀለም ተሸፍነው በላያቸው ሌላ ቁጥር ተጽፎ ተገኘ። ሕዝቡ ለወራት ሰልፍ ወጣ። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2020 አምስት ዳኞች ጥይት የማይበሳው ሰደርያ ለብሰው፣ በወታደር ታጅበው ችሎት ገቡ። ውሳኔያቸውን ሰዓታት ወስደው አነበቡ፤ ምርጫው ተሰረዘ። በድጋሚው ምርጫ ላዛረስ ቻክዌራ አሸነፉ። ነገሩ በዚህ አላለቀም። በ2025 ቻክዌራ በተራቸው ተሸነፉ፤ ሽንፈታቸውንም ተቀበሉ። ያሸነፏቸው ማን መሰሏችሁ? ያው ፍርድ ቤት ድሉን የሰረዘባቸው ሙታሪካ። ጸሐፊያችን ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ። ዳኞቹ ሙታሪካን ያስቆሟቸው ጠልተዋቸው አልነበረም። ያንኑ ሕግ ጠብቀው ስላቆዩት ሰውየው ራሳቸው በሱ በር ተመለሱ።

ኬንያንም ብጠራ ደስ ባለኝ፤ ግን እዚያ ታሪኩ የተደባለቀ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2017 በዴቪድ ማራጋ የሚመራው ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፕሬዚዳንቱን ምርጫ 4 ለ 2 ሰረዘ። ኡሁሩ ኬንያታ ዳኞቹን ክፉኛ ተናገሩ፤ ውሳኔውን ግን ተቀበሉ። ከድጋሚው ምርጫ ተቀናቃኛቸው ራይላ ኦዲንጋ ራሳቸውን አገለሉ፤ የመራጩም ቁጥር በጣም ወረደ። ከድጋሚው ምርጫ አንድ ቀን በፊት ሊሰማ የነበረ አቤቱታ በቂ ዳኛ ስላልተገኘ ሳይሰማ ቀረ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ፍርድ ቤት ብቻውን አገር አያድንም። አንድ ቀን ቀና ብሎ በማግሥቱ ሊጎብጥ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር። ማንም ያልመረጠው ዳኛ የተመረጠን መሪ ለምን ያስቆማል?

ይህ ጥያቄ ሲሰሙት ይከብዳል። ግን ውጭ አገር የምንኖር ሰዎች መልሱን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ኤምባሲ ሄደን ውክልና እንሰጣለን። ለወንድም፣ ለአጎት፣ ለልብ ጓደኛ። «ቤቴን አከራይልኝ፣ ግብሬን ክፈልልኝ» ብለን። ወኪሉ ቤቱን ቢሸጠውስ? ፍርድ ቤት እንሄዳለን። ዳኛው «ውክልናህ ለማከራየት ነው፤ መሸጥ አይልም» ብሎ ሽያጩን ያፈርሰዋል። ወኪሉ ተነስቶ «እኔን የወከለኝ ባለቤቱ ነው፤ አንተን ማን ወከለህ?» ቢል ምን ትሉታላችሁ? ዳኛው የቆመው ለባለቤቱ ነው። ወረቀቱን የጻፈው ባለቤቱ ስለሆነ።

መሪ ሲመረጥ የሚሰጠው እንዲህ ያለ ውክልና ነው። ለስንት ዓመት፣ ለምን ሥራ፣ በምን ገደብ የሚል ወረቀት አለው። ያ ወረቀት ሕገ መንግሥት ይባላል። እጁን አንስቶ የማለበትም በሱ ነው። ዳኛው ወረቀቱን ሲያነብ ከሕዝቡ የነጠቀው ነገር የለም።

በአሜሪካ ከ2020ው ምርጫ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችን እዚሁ ሆነን አይተነዋል። ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕና ደጋፊዎቻቸው ውጤቱን ተቃውመው ከ60 በላይ ክሶች አቀረቡ። ከጥቂቱ በቀር ሁሉም ወደቁ። ክሱን ውድቅ ካደረጉት ዳኞች መካከል ትራምፕ ራሳቸው የሾሟቸው ነበሩበት። ጆርጂያ ውስጥ 5 ሚሊዮን ያህል ድምፅ በእጅ እንደገና ተቆጠረ። ውጤቱ አልተገለበጠም። ከክፍላተ ግዛቶቹ ዳኞች መካከል በምርጫ የመጡ ነበሩበት፤ የፌዴራሎቹን ዳኞች ግን የመረጣቸው የለም። እነሱም የመራጩን ድምፅ አስከበሩ። ማንም ስላልመረጣቸው ምርጫ እንዳይሸነፉ የሚፈሩት ነገር አልነበረም።

ዳኞች መላእክት ናቸው አልልም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1944 ጃፓናውያን አሜሪካውያን በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ከቀያቸው መነቀላቸውን 6 ለ 3 አጽድቋል። 120 ሺህ ያህል ሰው፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይባል፣ በሽቦ ታጥሮ ተቀመጠ። በ1988 መንግሥት ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ላሉት 20 ሺህ ዶላር ካሣ ወሰነ። በ2013 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት የጥቁሮችን ድምፅ ካስከበረው ታላቁ የመምረጥ መብት ሕግ ዋና አጥንት የሆነውን ክፍል 5 ለ 4 ጥሎታል፤ በእኔ እምነት ትልቅ ጥፋት ነበር። ነገር ግን 1944ን በደንብ እንየው። ጥፋቱ ፍርድ ቤት መሪን ስላስቆመ የመጣ ነው? አይደለም። ማስቆም ሲገባው ስላላስቆመ ነው። ይህ ምሳሌ የሚያግዘው የማንን ክርክር እንደሆነ ጸሐፊው ይፍረዱ።

ይህ ወደ ቀውሱ ጉዳይ ይወስደናል። «ቤት ሲቃጠል ስብሰባ አይጠራም» የሚመስል ነገር ጽፈዋል። ስሜቱ ይገባኛል። ቀውስ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ለዚህም ነው የእኛውም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 93 ላይ ለአስቸኳይ ጊዜ ቦታ የሰጠው። ልዩነታችን ፍጥነቱ ላይ አይደለም። ቀውስ መሆኑን የሚወስነውም፣ ቀውሱ አለቀ የሚለውም፣ በመሀል ለሚጠፋው የሚጠየቀውም ያው አንድ ሰው ይሁን ወይ የሚለው ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. 1952ን ላንሳ። የቃኘው ሻለቃ ልጆቻችን ኮሪያ ተራሮች ላይ እየተዋጉ ነበር። ያኔ አሜሪካ ውስጥ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች አድማ ሊመቱ ተነሱ። ብረት ከሌለ ጥይት የለም፣ ታንክ የለም። ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ኤፕሪል 8 ፋብሪካዎቹን መንግሥት እንዲወርሳቸው አዘዙ። ከዚህ የባሰ ምን ቀውስ አለ? ጦርነት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 2 ትእዛዙን 6 ለ 3 ሻረ። ሕግ አውጪው ያልሰጠዎትን ሥልጣን ለራስዎ መስጠት አይችሉም አላቸው። ዘጠኙንም ዳኞች የሾሟቸው ትሩማን ራሳቸውና ከሳቸው በፊት የነበሩት ሩዝቬልት ናቸው። ትሩማን በዚያው ቀን ፋብሪካዎቹን ለባለቤቶቻቸው መለሱ። አድማውም ተመታ፤ ከ50 ቀን በላይ ቆየ። ቀላል አልነበረም፤ ይህንንም አምናለሁ። ግን ጦርነቱ በዚያ ምክንያት አልተሸነፈም፤ አገሪቱም አልፈረሰችም። ፕሬዚዳንቱ የታዘዙት ዳኞቹ ጦር ስለነበራቸው አይደለም። ጦሩ የነበረው በሳቸው እጅ ነው።

ኮሪያን ካነሳን አይቀር፣ ጸሐፊው ደቡብ ኮሪያን የጠንካራ መሪ ማሳያ አድርገዋታል። ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን የሞቱላት አገር ስለሆነች እኔም ልቤ እዚያ ነው። ዲሴምበር 3 ቀን 2024 ማታ ፕሬዚዳንት ዩን ሱክ ዮል በድንገት በቴሌቪዥን ቀርበው የጦር አገዛዝ አወጁ። ወታደሮች በሄሊኮፕተር ፓርላማው ግቢ ወረዱ። እንደራሴዎች አጥር እየዘለሉ ገቡ። የ67 ዓመቱ አፈ ጉባኤ ሳይቀሩ አጥር ዘለሉ። የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች በሩን በወንበርና በጠረጴዛ ዘጉት። ሌሊቱን ከ300 እንደራሴዎች 190ው ተገኝተው አዋጁ እንዲነሳ በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። ሕገ መንግሥታቸው «ፓርላማው ከጠየቀ ፕሬዚዳንቱ ያነሳል» ይላል። ሳይነጋ ተነሳ። ኤፕሪል 4 ቀን 2025 ደግሞ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ 8 ለ 0 ከሥልጣን አወረዳቸው። ጁን 3 አዲስ ምርጫ ተደረገ። ስድስት ወር ብቻ። ጸሐፊው የሚያደንቋት ኮሪያ እንግዲህ ይህችም ናት።

በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጥቶ ስድስተኛው ምርጫ ተራዝሟል። ማራዘሙ በራሱ ወንጀል ነው አልልም፤ ወረርሽኝ ነበር። የሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ የሕግ ሰዎችን ጠርቶ በቴሌቪዥን ሲያከራክር ቁጭ ብዬ ተከታትያለሁ፤ ጥሩ ክርክር ነበር። የመጨረሻ ውሳኔ የሰጠው ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። እሱ ደግሞ የፖለቲካ አካል ነው። ሁሉም ወገን «ዳኛዬ ነው» ብሎ አልተቀበለውም። ከዚያ በኋላ የመጣውን ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ጦርነቱ በዚህ ብቻ መጣ አልልም። ሁሉም የሚያምነው ዳኛ ግን በዚያ ሰዓት ያስፈልገን ነበር።

ልማት ላይ ልምጣ። ሲንጋፖር በሊ ኳን ዩ ዘመን አድጋለች፤ ማን ይክዳል? ተቃዋሚና ጋዜጣ ላይ ጫና ነበረ፤ ዕድገቱም ነበረ። ግን ሲንጋፖር ምርጫ አቋርጣ አታውቅም፤ መምረጥ እንዲያውም ግዴታ ነው። ንግድ ነክ ፍርድ ቤቶቿ የታመኑ ስለሆኑ ነው የዓለም ገንዘብ እዚያ የሚያርፈው። በኦክቶበር 2024 የትራንስፖርት ሚኒስትር የነበሩት ኢስዋራን ስጦታ በመቀበልና ፍትሕን በማደናቀፍ የ12 ወር እስር ተፈርዶባቸዋል። የራሱን ሚኒስትር እስር ቤት የሚልክ መንግሥት «መሪ አይጠየቅ» ለሚል ክርክር ምሳሌ ሊሆን አይችልም።

ቻይናም ብትሆን። ማንም የማይናገራቸው ማኦ ዜዱንግ መሪ በነበሩበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 በኋላ፣ በታላቁ ረሃብ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ አልቋል። ብልጽግናው የመጣው ከሳቸው ሞት በኋላ፣ ሥልጣን በመጠኑም ቢሆን ሲገደብ ነው። የ1982ቱ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱን በሁለት ዘመን ወስኖት ነበር። ገደቡ የተነሳው በ2018፣ አገሪቱ ካደገች በኋላ ነው።

የራሳችንንስ ለምን ረሳነው? ደርግን ማን ያጓትተው ነበር? ፓርላማ አልነበረም፣ ነፃ ፍርድ ቤት አልነበረም፣ ነፃ ጋዜጣ አልነበረም። ሥልጣን በአንድ እጅ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1977 አሥረኛው የአብዮት በዓል በድምቀት ሲከበር ወሎና ትግራይ ሰው እየረገፈ ነበር። ከሱ በፊት የ1965ቱን የወሎ ረሃብም ንጉሡ ፊት ደፍሮ ያወጣ ባለሥልጣን ጠፍቶ ነበር። የማይነገረው መሪ አይሰማም። የማይሰማ መሪ ደግሞ የቱንም ያህል አገሩን ቢወድ እህሉን በጊዜ አይልክም።

በ2007ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የምክር ቤት መቀመጫ ያዙ። መቶ በመቶ። በጸሐፊው ስሌት ይህ የመረጋጋት ጣሪያ መሆን ነበረበት። የሚጎትት የለ፣ የሚቃወም የለ። ወራት ሳይቆይ ከጊንጪ የተነሳው ተቃውሞ አገር አዳረሰ። በ2009 መጀመሪያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። የካቲት 8 ቀን 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን መልቀቃቸውን አሳወቁ። አዳራሹ ውስጥ ያልተሰማ ድምፅ መንገድ ላይ ወጣ።

የቀረው የድምፁ ጉዳይ ነው። አንድ ድምፅ ምን ያመጣል?

እኔ የምኖርበት ቨርጂኒያ በ2017 አንድ የምክር ቤት መቀመጫ ነበር፤ 94ኛው ወረዳ፣ ኒውፖርት ኒውስ። ድምፁ እንደገና ሲቆጠር ሼሊ ሳይመንድስ በአንድ ድምፅ አሸነፉ። በማግሥቱ ዳኞች አንድ አከራካሪ ወረቀት ለዴቪድ ያንሲ ቆጠሩ። 11,608 ለ 11,608 ሆነ። ሕጉ እኩል ሲሆን ዕጣ ይውጣ ይላል። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ሁለት ስሞች የድሮ ካሜራ ፊልም መያዣ በምታክል ዕቃ ውስጥ ተከትተው ጎድጓዳ ሸክላ ውስጥ ገቡ። አንዱ ወጣ፦ ያንሲ። ምክር ቤቱ በዚያ ዕጣ ለያንሲ ፓርቲ ለሪፐብሊካኖች 51 ለ 49 ሆነ። እዚያ ወረዳ ያለ አንድ ሰው፣ ያን ቀን ደክሞት ቤቱ የተኛ፣ ዛሬም ትዝ ሳይለው አይቀርም። ከምርጫው በፊት ምክር ቤቱ 66 ለ 34 ነበር። ልዩነቱ እንዲህ ሲጠብብ ለዓመታት ተቀባይነት አጥቶ የቆየው የሜዲኬድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የሕክምና መድን፣ ማስፋፊያ በ2018 አለፈ። ታክሲ የሚነዱ፣ ፓርኪንግ የሚሠሩ የማውቃቸው ሰዎች በጃንዋሪ 2019 ለመጀመሪያ ጊዜ የሕክምና ካርድ ያዙ።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ድምፅ ዋጋ ከሌለው ሰዎች ለምን ያን ያህል ደከሙ ለመከልከል? ሚሲሲፒ ውስጥ ከ1965 በፊት ዕድሜያቸው ለመምረጥ ከደረሰ ጥቁሮች የተመዘገቡት ከመቶ 7 አይሞሉም ነበር። የማንበብ ፈተና ነበር፣ የሕገ መንግሥት አንቀጽ ተርጉም ነበር፣ ዱላም ነበር። የመምረጥ መብት ሕጉ ኦገስት 6 ቀን 1965 ተፈረመ። በሁለት ዓመት ውስጥ ቁጥሩ ከመቶ 60 ገደማ ደረሰ። የስደተኞች ሕግም በዚያው ዓመት ነው የተለወጠው። ብዙዎቻችን እዚህ የመጣነው እነዚያ ሰዎች በከፈቱት በር ነው።

ምርጫ ውድ ነው የሚለውን እቀበላለሁ። ገንዘብ ይበላል፣ ሥራ ያስፈታል። በ1997 ግንቦት 7 እናቴ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታ በርጩማ ይዛ ወጣች። ወረፋው የቀበሌውን አጥር ዞሮ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ እግሯ አብጦ ነበር፤ ፊቷ ግን እንደ በዓል ቀን ነበር። ከዚያ ውጤቱ አወዛገበ። በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አባላት ከ190 በላይ ሰው መሞቱን ተናግረዋል። ብዙ ሰው ከዚህ «ምርጫ ምን ያደርግልናል» የሚል ትምህርት ወሰደ። ጸሐፊያችንም ከነሱ አንዱ ይመስሉኛል። እኔ የወሰድኩት ሌላ ነው። ድምፁ ነበረን። ያጣነው ሁለቱም ወገን «በሕግ አምላክ» ብሎ የሚቆምለትን ዳኛ ነው። እናቴ ወረፋውን ጨርሳለች። የሷን ሥራ ሠርታለች። ያልሠራው ከሷ በኋላ ያለው ነው።

ዜጋ ከሆንኩ በኋላ እዚህ በምርጫ አስፈጻሚነት እሠራለሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት፣ አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ። አንድ ዓመት አንድ አባባ ጋቢ ደርበው ከልጃቸው ጋር መጡ። እንግሊዝኛ አያነቡም። «ልጄ ታንብብልኝ፤ ይቻላል?» አሉኝ በአማርኛ። ይቻላል። ማንበብ የማይችል መራጭ ከአሠሪውና ከማኅበሩ ሰው በቀር የፈለገውን ረዳት ይዞ እንዲገባ የሚፈቅደው ያው የመምረጥ መብት ሕግ ነው፤ በ1982 የተጨመረ። ቅጽ ሞልተው ሁለቱም ፈረሙ። አባባ ቀስ ብለው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ክቧን አጠቆሩ። ወረቀቱን ማሽኑ ሲውጠው ቆመው አዩት።

«አሁን ይህን ማን ይቆጥረዋል?» አሉኝ።

ከኋላዬ የተቀመጡትን ሁለት ሴቶች አሳየኋቸው። አንዷ ከአንዱ ፓርቲ፣ ሌላዋ ከሌላው። ማታ ውጤቱ ሲወጣ ሁለቱም ወረቀቱ ላይ እንደሚፈርሙ ነገርኳቸው። አባባ ሁለቱን ሴቶች ተራ በተራ አዩ። ሴቶቹ ከአንድ ሳህን ቺፕስ እየበሉ ነበር።

ተለጣፊውን ጋቢያቸው ላይ ለጠፍኩላቸው። በር ላይ ደርሰው ዞሩ።

«የሚቀጥለው መቼ ነው?»

«ለከርሞ፣ በዚሁ ወር። እዚህ በየዓመቱ ነው።»

«በየዓመቱ?» አሉ። ልጃቸው ክንዳቸውን ያዘች። «ያድርሰን» ብለው ወጡ።